«ካርዱን ቀይረው» እና ሌሎች የግራፊክስ ተረቶች

ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ በተባለ ቁጥር «ግራፊክስ ካርዱን ቀይረው» የሚል አይጠፋም። ሥራዬ ለስሪዲ (ባለሦስት አውታር ቅርጽ) ባለሙያዎች ማሽን መምረጥ ነው፤ ይህን ምክር መስማት አንገሽግሾኛል። መጀመሪያ ትንንሾቹን ላራግፍ።

«ዎርክስቴሽን ከሲሊከን ግራፊክስ ጋር ሞቷል።» ዎርክስቴሽን ለከባድ የሙያ ሥራ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው፤ ሲሊከን ግራፊክስ ደግሞ ያመርተው የነበረ ኩባንያ። የሞተው ኩባንያው ነው። የስሪዲን ሂሳብ ለብቻው ቺፕ ሰጥቶ ገበያውን ይዞ ነበር። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ጂፎርስ 256 የተባለው ግራፊክስ ካርድ ያንኑ ሂሳብ ይዞ ተራ ፒሲ ውስጥ ገባ፤ ኩባንያው በ2009 ከሰረ። በ1992 ያወጣው ኦፕንጂኤል (ፕሮግራሞች ካርዱን ሥዕል የሚያዙበት መግባቢያ) ግን ዛሬም ይሠራል።

«የጌም ካርድና የባለሙያ ካርድ ልዩነታቸው ዋጋ ብቻ ነው።» ቺፑ ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ነው፣ አልዋሽም። ተጨማሪው ብር የሚከፈለው ለሰፊ ሜሞሪ፣ ስህተቱን ራሱ ለሚያርም ሜሞሪ፣ ከሶፍትዌሩ ጋር ለተፈተነ ድራይቨር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር ለሚያግባባው ፕሮግራም) ነው። የማያስፈልጋችሁ ከሆነ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ካርዱ የሚሠራው ሥዕሉን ነው። ሞዴል ስትነካኩ ቅርጹን እንደ አዲስ የሚያሰላው ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው፣ ያውም በአንድ ኮር፣ ማለትም በውስጡ ካሉት የስሌት ክፍሎች በአንዱ ብቻ። እያንዳንዱ እርምጃ የቀደመውን ውጤት ስለሚጠብቅ ሥራውን ለሁሉም ኮር ማከፋፈል ይከብዳል።

አንድ አርክቴክት ውድ ካርድ ገዝቶ «ያው ነው» ብሎ ጠራኝ። አንድ ግድግዳ ሲያንቀሳቅስ ስክሪኑ ድርቅ ይላል። የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ከፈትን። ካርዱ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ፕሮሰሰሩ 6 ፐርሰንት ገደማ ይላል። «አየህ፣ እሱም አልተጨናነቀም» አለኝ። ግራፉን ቀኝ ክሊክ አድርጌ በየኮሩ ዘረዘርኩት። ከ16ቱ ሳጥኖች አንዱ ጣሪያ ነክቷል፣ የቀሩት ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። 100ን ለ16 አካፍሉት፤ ያ 6 ፐርሰንት ከዚያ ነው የመጣው። ሰዎች ይህን ቁጥር አይተው ነው ካርድ ሊገዙ የሚሮጡት!

እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት እያሠራችሁ ተመልከቱ። ሞዴል ስትነካኩ ከዘገየ፣ የአንድ ኮሩ ፍጥነት ከፍ ያለ ፕሮሰሰር ፈልጉ፤ የኮር ብዛት አያታላችሁ። በፕሮሰሰር ሬንደር የምታደርጉ (ሞዴሉን ወደ ተጠናቀቀ ምስል የምትቀይሩ) ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ኮር በበዛ ቁጥር ይፈጥናል። በካርድ ከሆነ ቀድማችሁ ሜሞሪውን እዩ። 30 ጊጋባይት ሜሞሪ የሚፈልግ ሲን (ሬንደር የሚደረገው ትዕይንት) 24 ጊጋባይት ካርድ ላይ ወይ ይቆማል፣ ወይ ከዋናው ራም ጋር እየተመላለሰ ይንቀራፈፋል። ፋይል ሲከፈት የሚፈጀውን ጊዜ ደግሞ ካርድ አያሳጥረውም፤ ዲስኩንና ኔትወርኩን ፈትሹ።

«ወደፊት ሁሉም ክላውድ ላይ ነው፣ ማሽን አትግዙ።» ክላውድ ማለት በኢንተርኔት የሚከራዩት የሌላ ሰው ማሽን ነው። ሬንደሩ፣ አዎ። እያንዳንዱ ፍሬም (የቪዲዮው አንድ ምስል) ለየብቻው ስለሚሰላ ብዙ ማሽን ላይ ለመበተን ይመቻል። እጅ ግን መዘግየት አይወድም። ማውስ በተነካ ቁጥር ትዕዛዙ ሰርቨር ድረስ ሄዶ፣ ሥዕሉ ተጨምቆ መመለስ አለበት። ሰርቨሩ ቅርብ፣ መስመሩም ጥሩ ከሆነ ይሄዳል። ካልሆነ ቅርጽ የሚያስተካክል ሰው ግማሽ ቀን ሳይሞላው ይማረራል። ሬንደሩን ላኩት፤ የምትሠሩበትን ማሽን ግን ገና አትሽጡ።