«አዲስ አዋጅ ወጣ» ሲባል፦ ስለ መገናኛ ብዙኃን ሕግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አዲስ አዋጅ ሲወጣ አሮጌው በሙሉ ይሻራል።»

ከሁሉም በላይ የተስፋፋውና የሚጎዳው ስሕተት ይህ ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሲወጣ የ1999ኙን የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ሽሯል። ከመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ግን የሻረው መገናኛ ብዙኃንን የሚመለከተውን ክፍል ነው፤ መረጃ የማግኘት መብትን የደነገገው ክፍል በሥራ ላይ ቆይቷል። ስለዚህ መረጃ ጠይቆ «ያ ሕግ እኮ ቀርቷል» የሚል መልስ የተሰጠው ዘጋቢ፣ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጠው በዚያው አዋጅ የመጠየቅ መብቱን ሳያውቅ ተነፍጓል። የትኛው ድንጋጌ እንደቀረና የትኛው እንደጸና የሚነግረን በአዋጁ መጨረሻ ያለው «የተሻሩ ሕጎች» የሚለው አንቀጽ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ብዙ አንባቢ እዚያ ሳይደርስ ማቆሙ ነው።

«ስም ማጥፋት ወንጀል መሆኑ ቀርቷል።»

በ2013ቱ አዋጅ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሆኗል፤ ይህም ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁንና የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒውተር ሥርዓት አማካኝነት የሌላውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። በፌስቡክ ገጹ የሚጽፍ ግለሰብ ለጋዜጠኛ የተሰጠው ጥበቃ ለእርሱም እንደሚደርሰው አድርጎ ማሰብ የለበትም።

«ከ5,000 በታች ተከታይ ያለው ሰው በጥላቻ ንግግርና በሐሰተኛ መረጃ አዋጅ አይጠየቅም።»

ይጠየቃል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ለማንኛውም ሰው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ከፍ ይላል። ቁጥሩ ቅጣቱን ያከብደዋል እንጂ ተጠያቂነትን አያስቀርም።

«ሕጉ አንዴ ከተሻሻለ ወደ ኋላ አይመለስም።»

የ2013ቱ አዋጅ የፓርቲ አባላት ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ አባል እንዳይሆኑ ከልክሎ፣ ፈቃድ የመሰረዝንም ሥልጣን ለቦርዱ ሰጥቶ ነበር። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ክልከላውን አንሥቶ የመሰረዙን ሥልጣን ለባለሥልጣኑ አስተላልፏል። የአዋጁ ስም ሳይለወጥ ሚዛኑ ተለውጧል፤ በእኔ አመለካከት ከአዲስ አዋጅ ይልቅ በቅርብ መከታተል የሚገባን እንዲህ ያለውን ማሻሻያ ነው።