ለፈውስና ለዕረፍት ወደ ደጋ፦ ጠበል፣ ሱባኤ፣ ፍል ውሃና ሎጅ በአዲስ አበባ ዙሪያ

ለጥቂት ቀናት ከኑሮ ግርግር ርቆ ወደ ደጋ መውጣት በመሐል አገር የቆየ ልማድ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ዋና ምርጫዎቹ ጠበል፣ ሱባኤ፣ ፍል ውሃና በቅርብ ዓመታት የተስፋፉት ሎጆች ናቸው።

አስቀድመን የእንጦጦንና የፍል ውሃን ታሪክ እንይ። በፍል ውሃው ዙሪያ ያለው ሥፍራ ፊንፊኔ ይባል የነበረ ሲሆን የኦሮሞ ማኅበረሰብ ይኖርበት ነበር። በ1870ዎቹ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ አደረጉ። ቦታው ለመከላከል የተመቸ ቢሆንም ብርዱ የበረታ፣ ማገዶውም የተመናመነ ነበር። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ገላቸውን ለመታጠብ ወደ ፍል ውሃው ይወርዱ ጀመር። በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወቅት ብልኋ እቴጌ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ስሙን ያወጡት በአካባቢው ያዩት አበባ ማርኳቸው እንደሆነ ይነገራል። መኳንንቱም ተከትለው በአካባቢው ሰፈሩ። እንግዲህ ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው ለጤናና ለዕረፍት በተወረደበት ምንጭ ዳር ነው ማለት ይቻላል። ተራራውም ክብሩን አላጣም፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት በእንጦጦ ማርያም ነው። ዛሬ እንጦጦን የሸፈነውን ባሕር ዛፍ መጀመሪያ ያስመጣው አንድ ፈረንሳዊ እንደሆነ በብዛት ቢጠቀስም ሌሎች ስሞችም ይነሳሉ። ከምኒልክ ዘመን በኋላ የፍል ውሃው መታጠቢያ አገልግሎቱ እየሰፋ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ጠበል ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚሄድበት ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ከታወቁት አንዱ ሲሆን ጠበልተኛው በአቅራቢያው ቤት ተከራይቶ ሰባት፣ አሥራ አራት ወይም ሃያ አንድ ቀን ይሰነብታል። ውሎው የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ምእመኑ እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ተራ ይጠብቃል። ካህኑ በመስቀል እየባረኩ ያጠምቃሉ፤ ከዚያ ጠበሉ ይጠጣል፣ እምነት የሚባለው የተባረከ አመድ ወይም አፈር ይቀባል። ውሃው አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ቅዝቃዜ ስላለው ደረቅ ልብስና ጋቢ ሳይዙ መሄድ አይገባም። በዚህ ተራራ ብዙዎች ፈውስ አግኝተናል ብለው መስክረዋል። በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ዘመን ግን ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት ይውሰድ ወይስ ይተው የሚለው ጥያቄ ከባድ ክርክር አስነስቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብረው እንዲወሰዱ በይፋ አሳሰቡ። ዛሬም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ይዞ መሄድ ትክክለኛው መንገድ ነው።

ሱባኤ ከጠበል ጋር ቢቀራረብም ዓላማው ጸሎትና ጽሞና ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጎጃም መንገድ የሚገኘው ደብረ ሊባኖስ ለዚህ ተመራጭ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተው ይህ ታላቅ ገዳም በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ምእመናኑ የተጨፈጨፉበት ነው። ጻድቁ የጸለዩበት ዋሻ ዛሬም ጠበል ይንጠባጠብበታል። ስንቁ ቆሎና በሶ፣ መኝታውም ቀላል ነው። በፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ሱባኤ የሚገባው ሰው ስለሚበዛ ማደሪያ ማግኘት ይቸግራል፤ ጸጥታ የሚፈልግ ሌላ ጊዜ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሎጅ የሚሻ ሰው በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ በቅርብ ርቀት ያገኛል፤ በማግስቱ ወደ ሥራው ለሚመለስ ይህ ይበቃል። ሁለት ሌሊት ለማደር ግን ወንጪን የሚያህል የለም። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ሐይቅ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለው፤ ቁልቁለቱን በፈረስ ወርዶ በጀልባ ይሻገሩታል። በሸለቆው ፍል ውሃም ስለሚገኝ የእግር ጉዞንና መታጠቢያን አንድ ላይ ያገናኛል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል፤ የተገባው ነው።

የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው እንደ እንጦጦና ወንጪ ወዳሉ ከፍታዎች ከመውጣቱ በፊት፣ የደም ግፊት ያለበትና ነፍሰ ጡርም ፍል ውሃ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ሐኪም ቢያማክሩ ይበጃል። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉና ጭቃው ጉዞውን ያከብደዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ሊጥል ይችላል።