«1 ሞላር» ማለት ስንት ነው? ስለ ሞላሪቲ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሞላሪቲ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደሟሟ የምንለካበት ነው። ቀመሩን ኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ ሸምድዷታል፤ ሞል (የቅንጣት መቁጠሪያ) ሲካፈል ለሊትር። ችግሩ ያለው «ሊትር» የምትለዋ ላይ ነው። የምን ሊትር? ብዙው ስህተት የሚመጣው ይህን ካለመጠየቅ ነው።

«58.44 ግራም የገበታ ጨው 1 ሊትር ውሃ ላይ ብጨምር 1 ሞላር ይሆናል»

አይሆንም። የ1 ሞል ጨው ክብደት 58.44 ግራም መሆኑ ልክ ነው። ስህተቱ ውሃው ላይ ነው። የምናካፍለው ለጨመርነው ውሃ ሳይሆን ለተዘጋጀው ሶሉሽን፣ ማለትም ለድብልቁ በጠቅላላ ነው። ጨውም ቦታ ይይዛል፤ 1 ሊትር ውሃ ላይ ሲገባ ድብልቁ ከ1 ሊትር ያልፋል።

ላብ ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጨው ይመዘንና ቢከር ውስጥ በትንሽ ውሃ ይሟሟል። ከዚያ አንገቱ ቀጭን ወደሆነው ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ይገለበጣል። ቢከሩ ተለቅልቆ እጣቢውም እዚያው ይገባል፤ ጫፍ ላይ የቀረችው ጨው ከሂሳቡ እንዳትጎድል። ከዚያ ውሃ ይጨመራል፤ የፍላስኩ አንገት ላይ ወዳለው የልክ መስመር ሲጠጋ በጠብታ ይሆናል። ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን ከመስመሩ እኩል ታደርጋላችሁ። የውሃው ጎድጓዳ መሃል መስመሩን ሲነካ ታቆማላችሁ። ካለፈ ቀንሶ ማስተካከል የለም፤ የምትቀንሱት ውሃ ጨውም ይዞ ነው የሚወጣው። እንደ አዲስ መጀመር ነው። ያናድዳል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

«ግማሹን ከደፋሁት ሞላሪቲውም በግማሽ ይቀንሳል»

አንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምራችሁ በደንብ አማስሉት። ግማሹን ጠጡ። የቀረው ጣዕሙ ቀነሰ? አልቀነሰም። ስኳሩም ሻዩም አብረው ነው የሄዱት።

«1 ሞላር የሆነ ሁሉ እኩል ግራም አለው»

እኩል የሚሆነው ቁጥሩ እንጂ ክብደቱ አይደለም። 1 ሞል ማለት 6.022 × 10²³ ቅንጣት ነው። ለ1 ሊትር 1 ሞላር ጨው 58.44 ግራም ሲበቃ፣ ግሉኮስ ግን 180.16 ግራም ይፈልጋል።

«10 እጥፍ ለማቅጠን በ1 እጅ ላይ 10 እጅ ውሃ»

ይቺ ከላብ ወጥታ ቤታችን ድረስ ትገባለች። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ወደ 0.5 በመቶ ማውረድ ፈለጋችሁ እንበል። 1 ስኒ በረኪና ከሆነ ውሃው 9 ስኒ ነው፤ ጠቅላላው 10 እንዲሆን። 10 ስኒ ውሃ ከጨመራችሁ ጠቅላላው 11 ይሆንና ወደ 0.45 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ትንሽ ነው። ወደ ግማሹ ስታቀጥኑ ግን ይጎላል፤ «2 እጥፍ» ብሎ በ1 ላይ 2 ውሃ ያፈሰሰ ሰው ያገኘው ግማሹን ሳይሆን ሲሶውን ነው።

«ኮንሰንትሬትድ አሲድ ማለት ጠንካራ አሲድ ነው»

ሁለቱ አይገናኙም። ኮንሰንትሬሽን የሚነግረን ምን ያህል አሲድ እንደተጨመረ ነው። ጥንካሬ ደግሞ ከተጨመረው ውስጥ ምን ያህሉ ሃይድሮጅን አዮኑን እንደለቀቀ ነው። 1 ሞላር አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤው አሲድ፣ ከ1,000 ሞለኪውል የሚለቀው 4 ግድም ብቻ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ሁሉንም ይለቃል ማለት ይቻላል። ስለዚህ 100 ጊዜ የቀጠነው 0.01 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ 2 ሲሆን፣ የ1 ሞላር አሴቲክ አሲድ 2.4 አካባቢ ነው። ፒኤች ሲያንስ አሲድነቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ የቀጠነው በለጠ።

«በመቶኛ ከተጻፈ ሁሌም አንድ ነው»

ቢራ ላይ የሚጻፈው የአልኮል መቶኛ በይዘት (በቮሉም) ነው። የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠርሙስ ላይ ያለው 37 በመቶ ግን በክብደት ነው፤ በ100 ግራም ሶሉሽን ውስጥ 37 ግራም። ይህን «በ100 ሚሊ ሊትር 37 ግራም» ብሎ ያሰላ ሰው 10 ሞላር ገደማ ያገኛል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ወደ 12 ሞላር ነው። ከዚያ ተነስቶ የሚያቀጥነው ሁሉ ካሰበው በላይ እየወፈረበት ይሄዳል።