ስለ ቮልስ ዕድሳት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአዲስ አበባ ሰው ስለ ቮልስ የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። ግቢዬ ውስጥ የ1969 ሞዴል ቮልስዋገን 1300 በክሪክ ካነሣሁበት ቀን ጀምሮ በበሩ ያለፈ ጎረቤት ሁሉ ምክር ሳይሰጠኝ አላለፈም። የአንዱ አጎት ቮልስ ነበራቸው፣ ሌላው መንዳት የተማረው በቮልስ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ዝም ብሎ ያውቃል። ከምክሩ ግማሹ በእርግጥ ጠቅሞኛል። የቀረው ግማሽ ገንዘብ የሚያስወጣ ነው፤ ጥቂቱም መኪና የሚያቃጥል። እዚህ የማነሣው ይህንን ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ቮልስ ውሃ የለውም፤ ስለዚህ አይግልም»

ከሁሉም በላይ ሞተር የገደለው ይህ አባባል ነው። ቮልስ ራዲያተር ባይኖረውም ማቀዝቀዣ አለው፤ ነፋስና ዘይት። ከሞተሩ በላይ በቆመው የላሜራ ቤት ውስጥ ፋን አለ። ፋኑ የሚገፋውን ነፋስ ወደ አራቱ ሲሊንደሮች የሚመሩት በዙሪያቸው የታሰሩት ላሜራዎች ናቸው። ሞተር ወርዶ በተሠራ ቁጥር እነዚህ ላሜራዎች «ትርፍ ናቸው» እየተባሉ ጥግ ይጣላሉ። በካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ በሚለኩሰው ዕቃ) ገመዶች ጫፍ ያሉት የጎማ ክዳኖችና የሞተሩን ክፍል ዙሪያ የሚዘጋው ጎማም ዕጣቸው ያው ነው። እነሱ ከሌሉ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አካባቢ የሚነሣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ፋኑ ይገባል፤ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይተነፍሳል። እኔ የገዛሁት መኪና ከአራቱ የካንዴላ ጎማዎች አንድ ብቻ ነበረው።

ፋኑ የተገጠመው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ስለዚህ ቀይዋ የዲናሞ መብራት ስትበራ «ባትሪው ቤት እስክደርስ ይበቃኛል» ማለት በሌላ መኪና ያስኬድ ይሆናል፤ በቮልስ ግን መብራቷ ቺንጊያው ተበጥሶ ማቀዝቀዣው ቆሟል ማለቷ ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። የቺንጊያው ልክ በአውራ ጣት ይታወቃል፤ መካከሉ ላይ ጫን ሲሉት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረግባል። ማጥበቂያው ደግሞ የቮልስ ብቻ የሆነ ብልሃት ነው። የዲናሞው መዘውር ለሁለት የሚከፈል ሲሆን በግማሾቹ መካከል ቀጫጭን ቀለበቶች ይደረደራሉ። አንድ ቀለበት ሲቀንሱ ቺንጊያው ይጠብቃል፣ ሲጨምሩ ይላላል። የተቀነሰው ቀለበት አይጣልም፤ ከመዘውሩ ውጭ፣ ከብሎኑ ሥር ይገባና የሚቀጥለውን አዲስ ቺንጊያ እዚያው ሆኖ ይጠብቃል። ይህን የሠራው መሐንዲስ ዕቃ ማጣትን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ፊልትሮ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ አቧራ ላይ የሚውል ከሆነም ቀደም ብሎ ይቀየራል፤ ወንፊቱም ወጥቶ ይታጠባል።

«የቫልቭ ድምፅ ጥሩ አይደለም፤ አጥብቀው»

የተገላቢጦሽ ነው። የሚያንኳኳ ቫልቭ ጆሮ ያስቸግራል እንጂ አይቃጠልም፤ የጠበቀው ግን ድምፁን አጥፍቶ ይቃጠላል። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል የሚተወው ክፍተት ልኩ በአብዛኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚለካው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። «ሞቅ ሲል ይሻላል» የሚል መካኒክ ስለ ሌላ መኪና እያወራ ነው። በተለይ ሦስተኛውን ሲሊንደር ማየት ይገባል። ከ1971 ሞዴል በፊት በነበሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው በፋኑ ቤት ውስጥ ሆኖ ወደዚህ ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ይከልል ነበር። ፋብሪካው ኋላ ላይ ማቀዝቀዣውን ከነፋሱ መንገድ አውጥቶ የራሱ ቤት ሠራለት። ለአሮጌ ሞተር ይህንን አዲሱን የፋን ቤት ከነማቀዝቀዣው መግጠም ከማውቃቸው ማሻሻያዎች ሁሉ የተሻለው ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ምንም አይታይም፤ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ብዙ ሰው የማይጠይቀው።

«መጀመሪያ ቀለም ይቀባ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል»

ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። የቮልስ ዝገት ከላይ ሳይሆን ከታች ይጀምራል፤ ከወለሉና በበሮቹ ሥር ካሉት ሳጥን መሰል ጠርዞች። ሲገዙ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በጠርዞቹና በጭቃ መከላከያዎቹ ላይ ማንሸራተት ነው። ማግኔቱ ሸርተት ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው።

ከዚያ የኋላ መቀመጫውን ማንሣት። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ በቀኝ በኩል። አሲዱ ለዓመታት ሲንጠባጠብ ወለሉን ስለሚበላው ባትሪውን ሲያነሡ መሬቱን ማየት የተለመደ ነው። የእኔ ወለል በቀጭን ቆርቆሮ ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። በያጁ በመዶሻ አንድ ጊዜ መታ ሲያደርገው ቆርቆሮው ከነዝገቱ ግቢው ላይ ወረደ። ከሥሩ ያለው ሣር ታየኝ።

ባትሪውን በተመለከተ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከልኩ ከፍ ያለ ባትሪ ከተገጠመ፣ ከኋላ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ ጎንበስ ብሎ የባትሪውን ጫፍ ይነካል። ብረት ከብረት ተገናኝቶ ይግላል፤ የመቀመጫው ሙሌትም ይቀጣጠላል። የባትሪው ክዳን ከጠፋ ቢያንስ ወፍራም ጎማ ሳያለብሱ ተሳፋሪ አለመጫን ነው።

«ትልቅ ካርቡሬተር ጉልበት ይጨምራል»

በባሕር ዳርቻ ከተማ ያሉ ሰዎች ይከራከሩበት። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ያው ሆኖ አየሩ ያንሰዋል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ይጠቁራል፣ መኪናው ዳገት ላይ ያጓራል። ሰው ይህን አይቶ «ቤንዚን አንሶት ነው» ይልና ትልቅ ካርቡሬተር ያስገጥማል፤ የጠገበን ሰው እንደገና እንደ ማጉረስ ያለ ነው። የሚያስፈልገው ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ በትንሽ ቁጥር ባለው መለወጥና ካንዴላውን ቡናማ እስኪሆን መከታተል ነው። ፑንቲናውን (ለካንዴላው ብልጭታ ኮረንቲውን የሚያገናኘውንና የሚቆርጠውን) 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ ማስተካከል ራሱ ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል። ያም ሆኖ ከፍታው የወሰደው ጉልበት ሁሉ አይመለስም፤ እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ መውጣት ነውር የለውም።

«አሮጌ መኪና የድሮውን ቤንዚን ይፈልጋል»

እርሳስ ያለው ቤንዚን ከቀረ ቆይቷል፤ ይህን ሰበብ አድርጎ ቤንዚን ውስጥ ልዩ ልዩ ፈሳሽ የሚጨምር ሰው ግን አሁንም አለ። የቮልስ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን የሚከድነው የሞተር ራስ) አሉሚኒየም ነው፤ ቫልቭ የሚያርፍበት ቀለበት ግን ከጠንካራ ብረት ለብቻው ተሠርቶ የገባ በመሆኑ እርሳሱ ባይኖርም ይችላል።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። አገራችን በ2008 ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ጀምራ በ2011 ወደ 10 በመቶ አሳድጋው ነበር። ኤታኖል የድሮ ጎማ አይወድም። የቮልስ የቤንዚን ቱቦ ደግሞ ጨርቅ የለበሰ ቀጭን ጎማ ነው፤ ጨርቁ ደህና መስሎ ውስጡ ይሰነጠቃል። ቱቦውን በሁለት ጣት አጠፍ ሲያደርጉት ደረቅ ድምፅ ከሰጠ ዛሬውኑ መቀየር ነው። ነገ አይባልም፤ ምክንያቱም ያ ቱቦ የሚያልፈው ከጋለ ሞተር በላይ ነው፤ የሞተሩ ገላ ራሱም የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ማግኒዥየም አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በዚህ ምክንያት የቤንዚን ፊልትሮን በፓምፑና በካርቡሬተሩ መካከል ማንጠልጠል መጥፎ ልማድ ነው። የፊልትሮው ክብደትና ንዝረት በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የነሐስ ቱቦ ያላላታል፤ አንድ ቀን ትወጣለች። ቦታው ከፊት ከታንከሩ ሥር ነው።

«ስድስት ቮልቱን ወደ አሥራ ሁለት ለማዞር ገመዱ በሙሉ ይነቀል»

አያስፈልግም። በአብዛኛው እስከ 1966 ሞዴል ድረስ ያሉት ቮልሶች ስድስት ቮልት ናቸው። ያው መብራት በአሥራ ሁለት ቮልት ሲበራ በገመዱ የሚያልፈው ኮረንቲ ግማሽ ስለሚሆን የድሮው ወፍራም ገመድ ይተርፈዋል። የሚቀየሩት አምፖሎቹ፣ ኮይሉ፣ ዲናሞው ከነመቆጣጠሪያው፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተርና ጥሩምባው ናቸው። ሽፋኑ የተሰነጠቀ ገመድ ግን በእርጅናው ይቀየራል።

«የቮልስ ዕቃ አንድ ነው፤ ሁሉም ለሁሉም ይሆናል»

ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የወጣ መኪና ዕቃው ጠፋ አይባልም፤ አዲስ እየተሠራ ይሸጣል፤ ያገለገለውም መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል። «አንድ ነው» የሚለው ግን ያሳስታል። የድሮው ቸርኬ በአምስት ብሎን ይታሰራል፤ ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያለው በአብዛኛው በአራት። 1302 የተባለው የቮልስ ሞዴል ከፊት የተለየ የሞላ አሠራር ስላለው የፊት እግሩም ኮፈኑም ለሌላው አይሆንም። ከቤት ሲወጡ የተበላሸውን ዕቃ በፌስታል ይዞ መሄድ ይበጃል። የፍሬን ዕቃ ግን ያገለገለ አይገዛም። ፍሬኑ ሳይሠራ ሞተር ማሻሻልም፣ በግልጽ ልናገር፣ ሞኝነት ነው።

«ቤንዚን መኪና ተከልክሏል፤ ለምን ትደክማለህ?»

በ2024 መጀመሪያ የተከለከለው የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ነው፤ መንገድ ላይ ያለውን ማደስ አይደለም።

«ሞተር መቀየር የባለቤቱ ጉዳይ ነው»

ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም አለ። ስለዚህ ሞተሩ ሲለወጥ መዝገቡም መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ቦሎ ሲወጣ ወይም መኪናው ሲሸጥ ጣጣው ይመጣል። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ መካከል ላይ ባለው ጎበጥ ያለ ብረት ላይ ተመቷል። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ በታች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቅባትና በአቧራ ተሸፍኖ ስለሚኖር በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ሲጠርጉት ብቅ ይላል። እኔ የጠረግሁት ወለሉ ተበይዶ፣ ፍሬኑ ተሠርቶ፣ የቀለሙ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ነው። ከሊብሬው ጋር አልገጠመም። አሁን መኪናው በፀረ ዝገት ቀለሙ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ እኔ ፋይል በብብቴ ይዤ ወረፋ ላይ ነኝ።