ጫጫታ የሚቀንስ ጆሮ ማዳመጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሱቅ ገብታችሁ ሽቦ አልባ ጆሮ ማዳመጫ ብትጠይቁ፣ ርካሹም ውዱም ካርቶን ላይ «ኖይዝ ካንስሊንግ» ተጽፎ ታገኛላችሁ። ስሙ አንድ ነው፤ ዕቃው ግን ሰማይና ምድር ነው። ብዙ ሰው ያጠራቀመውን ብር አውጥቶ የማይሆነውን ይዞ ሲመለስ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«አንዴ ከበራ ምንም አይሰማም»

ሰው ገዝቶ «ተሸወድኩ» የሚለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃው ሳይበላሽ፣ የጠበቀው ነገር ሌላ ሆኖበት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማዳመጫው ላይ ትንንሽ ማይክሮፎኖች አሉ። የውጭውን ድምፅ ይቀበላሉ። ውስጥ ያለው ቺፕ የዚያን ድምፅ ሞገድ ገልብጦ ይሠራዋል፤ የውጭው ሞገድ ከፍ ሲል የእሱ ዝቅ ይላል። ሁለቱ ጆሯችን ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ይህ በደንብ የሚሳካው ድምፁ ጎርናና ከሆነና ሳይለዋወጥ ከቀጠለ ነው። የአውሮፕላን ሞተር፣ ጄኔሬተር፣ ቬንቲሌተር፣ ረጅም መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከ1,000 ሄርዝ በላይ ያሉ (ሞገዳቸው በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ የሚመላለስ) ቀጫጭን ድምፆች ግን ሞገዳቸው አጭርና ፈጣን ነው። ቺፑ ግልባጩን በትክክል ለመግጠም ይቸገራል። የሕፃን ልቅሶ፣ የመኪና ጡሩምባ፣ የሳህን ኳኳታ፣ የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል፣ እነዚህን በዋናነት የሚቀንሳቸው የማዳመጫው ጎማ ወይም ስፖንጅ ነው።

ሐሳቡ በሰፊው የተሠራበትም ለሞተር ድምፅ ነው። አማር ቦዝ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1978 እ.ኤ.አ. ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር፣ አውሮፕላኑ ላይ የተሰጠው ማዳመጫ በሞተሩ ድምፅ ተውጦበት እዚያው ስሌቱን ጀመረ። የእሱ ኩባንያ ለአብራሪዎች የሚሆነውን ሄድሴት ገበያ ላይ ያወጣው በ1989 ነው። ለተራው ተሳፋሪ የሚሆነው ደግሞ በ2000 ወጣ። ዛሬም ቴክኖሎጂው ከምንም በላይ የሚረታው ያንኑ የሞተር ጉምጉምታ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ በየቀኑ የሚያስቸግረኝ ምን ዓይነት ድምፅ ነው? ጄኔሬተርና መንገድ ከሆነ፣ ለዚህ ቴክኖሎጂ ብር ማውጣት ያዋጣል። የቢሮ ወሬ ከሆነ ግን ጆሮ ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ጎማ ያለው ማዳመጫ፣ ዝቅ ካለ ሙዚቃ ጋር፣ በትንሽ ዋጋ ብዙ ይሠራላችኋል።

«ካርቶኑ ኢኤንሲ (ENC) ይላል፤ ያው ነው»

ያው አይደለም! ይህኛው በእውነት ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ገዢው በአንድ ፊደል ልዩነት ብሩን ያጣል።

ኤኤንሲ (ANC) የሚባለው ከላይ ያየነው፣ ለእናንተ ጆሮ የሚሠራው ነው። ኢኤንሲ ደግሞ የሚሠራው ለማይክሮፎኑ ነው። ስልክ ስታወሩ ከጀርባችሁ ያለውን ጫጫታ ቀንሶ፣ ድምፃችሁ ለደወላችሁለት ሰው ጥርት ብሎ እንዲደርስ ያደርጋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሙዚቃ ስትሰሙ ምንም አይጠቅማችሁም። ርካሽ ካርቶኖች ላይ በብዛት የሚጻፈው ኢኤንሲ ነው። አንዳንድ ሻጭም ሳያውቅ «አዎ፣ ኖይዝ ካንስሊንግ አለው» ይላችኋል። ካርቶኑን ራሳችሁ አንብቡ።

«50 ዴሲቤል የሚለው ከ40ው ይበልጣል»

ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ማዳመጫው ጫጫታውን ምን ያህል እንደሚቀንስ ለመናገር ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ አምራቹ በአንድ በተመቸው ዓይነት ድምፅ ላይ ያገኘው ከፍተኛው ውጤት ነው። በሌሎቹ ድምፆች ላይ ምን ያህል እንደሚቀንስ አይነግራችሁም። በዚህ ቁጥር ሁለት ዕቃ አታወዳድሩ።

«ዋናው ብራንዱ ነው»

ብራንድ ለውጥ የለውም አልልም። ግን ምርጥ የተባለውም ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ ካልገጠመ ከንቱ ነው። ቀዳዳ ሲኖር መጀመሪያ የሚያመልጠው ጎርናናው ድምፅ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ትጎዳላችሁ፤ የሙዚቃው ቤዝ ይሳሳል፣ የውጭው የሞተር ድምፅ ደግሞ ይገባል።

ጆሮ ውስጥ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ካርቶናቸው ውስጥ ሦስት መጠን ጎማ አላቸው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የተገጠመውን መካከለኛ ጎማ ትቶ ዓመት ይቆያል። ሦስቱንም ሞክሩ። የሁለቱ ጆሮዎቻችሁ ስፋት ሊለያይ ስለሚችል በግራና በቀኝ የተለያየ መጠን ማድረግ ምንም ችግር የለውም። አንዳንዶቹ መተግበሪያቸው ላይ መግጠም አለመግጠሙን የሚፈትሽ ነገር አላቸው፤ ካለ ተጠቀሙበት።

ጆሮን ሙሉ የሚሸፍነውን ትልቁን የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ እንደ ወትሯችሁ ሆናችሁ ሞክሩት። መነጽር የምታደርጉ ከነመነጽራችሁ፣ ሹሩባ የተሠራችሁ ከነሹሩባችሁ፣ ሂጃብ የምትለብሱ ከነሂጃባችሁ። የመነጽር ዘንግም ሆነ ወፍራም ጉንጉን ስፖንጁን ያነሳዋል። የቪዲዮ ግምገማ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ብዙም አያነሱትም፤ የእኛ ሴቶች ግን በየቀኑ የሚገጥማቸው ነው። እንዲህ ላለ ሰው ጆሮ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

«ጆሮ ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል»

ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ሄርዝ አካባቢ ባለ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ የሰውነትን ዘረመል ለመስበር የሚያስችል ጉልበት የለውም። ኃይሉም ጆሯችን ላይ ከምንለጥፈው ስልክ በጣም ያነሰ ነው።

አንዳንድ ሰው ኤኤንሲ ሲያበራ ጆሮው የታፈነ፣ ወይም አውሮፕላን ሲነሳ ዓይነት ግፊት ይሰማዋል። ስሜቱ እውነት ነው፤ የአየር ግፊቱ ግን በእርግጥ አልተቀየረም። ጎርናናው ድምፅ በድንገት ሲጠፋ የሚፈጠር ስሜት ነው። ይህ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የመቀነሱን መጠን ዝቅ ማድረግ የሚቻልበትን ምረጡ።

ጆሮን በእርግጥ የሚጎዳው የድምፁ ከፍታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ! ጫጫታ ባለበት መንገድ ላይ በተራ ኢርፎን ስንሰማ፣ ሞተሩን ለመብለጥ ሳናስበው ድምፁን እየጨመርን እንሄዳለን። ጥሩ ኤኤንሲ የሞተሩን ድምፅ ስለሚቀንስ ዝቅ አድርገን መስማት እንችላለን። ለእኔ ይህን ዕቃ ለመግዛት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ሲጎዳ ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ውስጠኛው ጆሮ ላይ የሞቱት የመስሚያ ሕዋሶች ደግሞ ተመልሰው አይበቅሉም። እባካችሁ፣ በተለይ ለልጆቻችሁ፣ ስልኩ ላይ ያለውን የድምፅ ገደብ አብሩ።

«ብሉቱዙ አዲስ ከሆነ፣ ኤልዳክ ካለው ድምፁ ያምራል»

የብሉቱዝ ቁጥር ስለ ግንኙነቱ እንጂ ስለ ድምፁ ጥራት ብዙ አይነግርም። ኤልዳክ (LDAC) ሙዚቃን በብሉቱዝ የሚያስተላልፍ የሶኒ ዘዴ ነው፤ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎ ቢት ያስተላልፋል። አይፎን ግን አይደግፈውም። አይፎን ይዛችሁ ለኤልዳክ ተጨማሪ አትክፈሉ።

«ስልኩ ላይ ብቅ ካለ ኦሪጅናል ነው»

የኤርፖዱን (የአፕል ጆሮ ማዳመጫ) ሣጥን ክዳን ስትከፍቱ አይፎን ላይ የምትመጣዋን ሥዕል ኮፒዎቹም ያመጧታል። የሴሪ ቁጥሩም ከእውነተኛ ዕቃ ሊገለበጥ ይችላል። «ማስተር ኮፒ» የሚሉት የኤኤንሲ ማብሪያ ጭምር ያሳያል፤ ብታበሩት ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ በጆሯችሁ ፈትኑት። ሙዚቃ ሳትከፍቱ ቬንቲሌተር ወይም የቆመ መኪና ሞተር አጠገብ ሁናችሁ አብሩት፣ አጥፉት። ሲበራ ጉምጉምታው በግልጽ ካልቀነሰ ተዉት።

«ሁልጊዜ አብርቶ መሄድ ነው»

መንገድ ስትሻገሩ አይሆንም። ከኋላ የሚመጣ መኪና ወይም ባጃጅ ሞተር ዕቃው በደንብ ከሚያጠፋቸው ድምፆች አንዱ ነው። የውጭ ድምፅ የሚያስገባውን ትራንስፓረንሲ ተጠቀሙ፤ ወይም ማዳመጫውን ከአንዱ ጆሯችሁ አውልቁ። ነፋስ ሲኖርም ብታጠፉት ይሻላል፤ ነፋሱ ማይክሮፎኑን ሲመታው ራሱ ጫጫታ ይፈጥራል።

ባትሪም ይበላል። ለምሳሌ ሶኒ ደብሊው ኤች 1000 ኤክስ ኤም 5 በአምራቹ አገላለጽ ኤኤንሲ በርቶ 30፣ ጠፍቶ 40 ሰዓት ይሄዳል። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ ባትሪያቸው በጣም ትንሽ ነው፤ በዓመታት አገልግሎት ይደክማል፣ ለመቀየርም አይመችም። ያገለገለ ስትገዙ ከሣጥኑ ካወጣችሁት በኋላ ሳይሞላ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሳታዩ ብር አትክፈሉ።