ከፍቺ በኋላ ስለሚከፈል ቀለብ፦ የሚወራውና እውነታው

ትዳር ሲፈርስ ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። ስለ ቀለብ የሚሰጠው ምክር ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፣ ሰምቶ የሚተገብረውም ዕዳ ውስጥ ይገባል። የማወራው ለልጅ ስለሚቆረጠው ሳይሆን አንዱ የቀድሞ የትዳር ጓደኛ ለሌላው ስለሚከፍለው ነው። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ቀለቡ በሚፈቀድባቸው ብዙ ቦታዎች ግን ዳኞች የሚያዩት ነገር ይመሳሰላል።

«ከፋዩ ባል ነው» ይባላል። አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባሎችን ብቻ ያስከፍል የነበረውን የአላባማ ሕግ የሻረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 ነው።

«የተፋታ ሁሉ ያገኛል» የሚለውም ልክ አይደለም። ዳኛው መጀመሪያ ሁለት ነገር ያያል፦ ጠያቂው በእርግጥ ይቸግረዋል ወይ? ሌላው ወገን አቅም አለው ወይ? ከዚያ የትዳሩ ዕድሜ፣ የሁለቱ ጤና፣ የገቢያቸው ልዩነት ይመጣል። ለምሳሌ አንዲት ሴት ልጆች ለማሳደግ ብላ 15 ዓመት ቤት ከዋለች፣ ሙያዋን አድሳ ሥራ እስክታገኝ የሚያስፈልጋት ጊዜ ይታሰብላታል። «ኑሮ ከብዶኛል» ማለት ብቻ ግን አይበቃም። የወር ወጪ ዝርዝር ይቀርባል፤ ኪራዩ፣ መድኃኒቱ፣ ትራንስፖርቱ አንድ በአንድ ይታያል። ደረሰኝ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል።

«የማገጠ ይከፍላታል!» ይህን ስንቴ ሰምቻለሁ። ጥፋትን ከግምት የሚያስገቡ ሕጎች አሉ፣ በብዙ ቦታ ግን ቀለብ ቅጣት አይደለም።

«ዕድሜ ልክ ነው» ለሚሉም፣ ብዙ ጊዜ የተወሰነ ጊዜ ይቀመጥለታል። ፍሎሪዳ በ2023 ባወጣችው ሕግ ቋሚ ቀለብን አስቀርታለች። ተቀባዩ እንደገና ካገባም በብዙ ቦታ ክፍያው ይቆማል።

ሰው በጣም የሚጎዳው ግን በዚህኛው ነው፦ «ሥራ ካጣሁ መክፈል አቆማለሁ።» እባካችሁ፣ እንዳታደርጉት! ትዕዛዙን የሚቀይረው ፍርድ ቤቱ እንጂ የእናንተ ችግር አይደለም። በጥር ከሥራ የተሰናበተ ሰው «ሁኔታዬን ያውቁ የለ» ብሎ ዝም ቢልና በመስከረም አቤቱታ ቢያቀርብ፣ ብዙ ፍርድ ቤቶች የሚቀንሱለት አቤቱታው ከገባበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። የስምንቱ ወር ውዝፍ ይቆየዋል፣ ወለድ ሊታሰብበትም ይችላል። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤው በእጃችሁ እንደገባ አቤቱታችሁን አስገቡ፤ እስከዚያ የቻላችሁትን ያህል ክፈሉ፣ የከፈላችሁበትንም ማስረጃ ያዙ። «በስልክ ተስማምተናል» አያድንም። ነገ ጠብ ሲነሳ ዳኛው የሚያነበው ትዕዛዙን ነው፤ ከተስማማችሁ በጽሑፍ አድርጉና አስጸድቁት።

ለውጡ ደግሞ እውነተኛና ከበድ ያለ መሆን አለበት፦ ሕመም፣ ሥራ ማጣት፣ ጡረታ፣ የተቀባዩ ገቢ በደንብ ማደግ። ለአንድ ወር እጅ ማጠር አይቆጠርም። ቀለቡ እንዲቀነስለት ብሎ ደህና ሥራውን የለቀቀ ሰው ደግሞ ሊያገኝ ይችል በነበረው ገቢ ሊሰላበት ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ የፍቺ ስምምነት «ክፍያው ወደፊት አይሻሻልም» የሚል ሐረግ አለው። ከተፈረመ በኋላ እሱን ማስነሳት በጣም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ያንን መስመር ፈልጉና ጠበቃ ጠይቁበት።