ኢንቨርትድ ፓፒሎማ ምንድን ነው?

ጅማ ላይ ክረምቱ ሲጠና አፍንጫው የማይታፈን ሰው ጥቂት ነው። ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ይታጠናል፣ ካልተሻለ ከፋርማሲ ጠብታ ይገዛል። ከዚያ "ሳይነስ ነው" ይባልና ይታለፋል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፣ የታፈነው ሁለቱም ቀዳዳ ነው ወይስ አንዱ ብቻ?

ጉንፋንና አለርጂ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ወገን ነው የሚይዙት። አንዱ ወገን ብቻ ለወራት ተደፍኖ ከቆየ፣ በዚያው በኩል አልፎ አልፎ ደም ብቅ ካለ፣ ቡና አጠገባችሁ እየተቆላ ሽታው አልመጣ ካለ፣ ጠብታ መቀያየሩን ትታችሁ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለእንዲህ ያለው ምልክት ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ኢንቨርትድ ፓፒሎማ ነው። ከአፍንጫና ከሳይነስ (በፊት አጥንት ውስጥ ካሉት አየር የሚይዙ ክፍት ቦታዎች) የውስጥ ሽፋን የሚበቅል እጢ ሲሆን፣ በብዛት ከአፍንጫው የጎን ግድግዳ ወይም ከጉንጭ ሳይነስ ይነሳል። ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ላይ ይበዛል። ሽፋኑ ወደ ውጭ ከማበጥ ይልቅ ከሥሩ ወዳለው ሥጋ እየታጠፈ ነው የሚያድገው።

ካንሰር አይደለም። ይህን ሲሰሙ ግን "ተመስገን" ብለው ቤታቸው የሚቀመጡ አሉ፣ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። እጢው እያደገ አጠገቡ ያለውን አጥንት እየገፋ ያሳሳል፣ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል በኩልም ሊጠጋ ይችላል። በዚያ ላይ ጥናቶች ቁጥሩን ቢያለያዩትም፣ ከ100 ታማሚዎች ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ካንሰር አብሮት ይገኛል ወይም በኋላ ይመጣል።

በመድኃኒት አይጠፋም፣ ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ፣ አፍንጫ ውስጥ ያያል፣ ሲቲ ስካን ያዛል፣ ናሙና ይወስዳል። ዛሬ አብዛኛው ቀዶ ጥገና ፊት ሳይቀደድ በአፍንጫው ቀዳዳ በኩል ይሠራል። ዋናው ነገር እጢው የተጣበቀበት ቦታ ነው፤ የሚታየው ሥጋ ብቻ ተቆርጦ ሥሩና ከሥሩ ያለው አጥንት ካልተፋቀ ተመልሶ ይበቅላል።

ደግሞ አደራ፣ ከአፍንጫችሁ የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) መላኩን ጠይቁ፣ ውጤቱንም ሳትቀበሉ እንዳትቀሩ። ለዓይን ተራ ፖሊፕ (አፍንጫ ውስጥ የሚወጣ ለስላሳ እብጠት) የሚመስለው ኢንቨርትድ ፓፒሎማ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። ከዓመታት በኋላም ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል፣ ስለተሻላችሁ ብላችሁ ቀጠሮ አትተዉ።